ያላዩትን መመስከር

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ «ውሃ ከጥሩ ነገር ከሥሩ» የሚለውን ምሳሌ ሳትሰማ አላደግህም። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የምርምር ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ምሳሌ በደጅ ጥሎት እንደሚገባ ከራሴ አውቃለሁ።

ተማሪ ሳለሁ አንድ ጽሑፍ አቀረብሁ፤ በመጨረሻውም ገጽ የብዙ መጻሕፍትን ስም ደረደርሁ። መምህሬ ባንደኛው ላይ ጣቱን አኑሮ «ይህን መጽሐፍ ከወዴት አገኘኸው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ ግን መጽሐፉን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ስሙን የገለበጥሁት ከሌላ ሰው ጽሑፍ ግርጌ ነበር። መምህሬም ሳይቈጣ «እንግዲያስ ያላየኸውን መስክረሃል» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ይወቅሰኛል።

«ምንጭ መጥቀስ ለወጉ ነው፤ ማን ይመረምረዋል?» የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። ምንጭ መጥቀስ ምስክር መጥራት ነው። በዳኛ ፊት የሌለ ምስክር የሚጠራ ሰው ሐሰተኛ ከተባለ፣ ያላነበበውን መጽሐፍ በአንባቢ ፊት የሚጠራስ ምን ሊባል ነው? ዛሬማ ጭራሽ ያልተጻፈ መጽሐፍ ከነደራሲው ስም ፈጥሮ የሚሰጥ የኮምፒዩተር መሣሪያ መጥቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 በኒውዮርክ ሁለት ጠበቆች መሣሪያው የፈጠረላቸውን የሌለ ፍርድ ለዳኛ ጠቅሰው ከድርጅታቸው ጋራ 5,000 ዶላር ተቀጡ። መሣሪያው አላፈረም፤ ያፈሩት እነርሱ ናቸው።

ጀርመናዊውን ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍን ደግሞ ተመልከት። ስለ አገራችን ብዙውን የተማረው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1649 በሮም ተገናኙ፤ በ1652 በጎታ ከተማ አብረው ሠሩ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ባሕር ላይ መርከብ ተሰብሮ ሞቱ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ ያሳተመው በ1681 ነው። እውቀቱን ሁሉ የራሱ ቢያደርገው ኖሮ ማን ይከሰው ነበር? እርሱ ግን የሞቱትን መምህሩን በስማቸው ጠርቶ አመሰገናቸው። ይህ ነው የሊቅ ክብር።

ስለዚህ ወዳጄ፤ መጽሐፉን ፈልገህ አግኝ፤ ገልጠህ አንብብ፤ ያነበብኸውንም ገጽ ቍጥሩን ጻፍ። ዋናውን ብታጣ «እገሌ እገሌን ጠቅሶ እንደ ጻፈው» በል፤ ይህ አያሳፍርም። አምስት እውነተኛ ምስክሮች ያሉት ጽሑፍ ሠላሳ ሐሰተኞች ከተደረደሩበት ይበልጣል። የምትጠራው ምስክር ስሙ ሲነሣ «አቤት» የሚል ይሁን።