የአረንጓዴ ልማት ዕዳ በማን ጎጆ ላይ?

የተከበራችሁ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ መራጮች!

መንግሥት ቤት ሲያፈርስ የሚሰጠው ምክንያት በየዘመኑ ሲለዋወጥ አይተናል። አንድ ሰሞን «ሕገ ወጥ ግንባታ» ነበር፤ ከዚያ «ማስተር ፕላን» ሆነ፤ አሁን ደግሞ «አረንጓዴ ቦታ»፣ «የወንዝ ዳር ልማት»፣ «የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም ከተማ» የሚሉ ቃላት መጥተዋል። በአጥራችሁ ላይ የሚቀባው ቀይ ቀለም ግን ያው ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ ቤቶች ሲፈርሱ አስተዳደሩ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ቦታው ለአረንጓዴ ልማት የተከለለ ነው የሚል ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱ ከተሞቻችሁ ከሌሎች ጋር ተጠቃለው የሸገር ከተማ ሲመሠረት ዶዘሩ ወደ እናንተም መጣ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያው ዓመት አፈጻጸሙ የሰብአዊ መብት መርሆችን ያልተከተለ መሆኑን በይፋ አስታውቋል።

ይህን ስንል የአየር ንብረት ለውጥ ተረት ነው ከሚሉት ወገን አይደለንም። በየስብሰባችን «ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው፤ እኛን ለማፈናቀል የመጣ ሰበብ ነው» የሚሉ አሉ። ንዴታቸው ይገባናል፤ መደምደሚያቸውን ግን አንቀበልም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የደረሰው ጎርፍ የሰው ሕይወት ቀጥፏል። የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውኃ የሚተኛበት መሆኑን ለሱሉልታ ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ ሜዳው በቤትና በፋብሪካ በሞላ ቁጥር ውኃው የሌላ ሰው ደጃፍ ያንኳኳል። በቡራዩ በኩል ያለው የገፈርሳ ግድብ የአዲስ አበባ ሕዝብ የሚጠጣው ነው። ዙሪያው ከተራቆተ ደለል ይሞላዋል። መሬቱ መጠበቅ አለበት። እኛ የምንጠይቀው ዋጋውን ማን ይክፈል ብለን ነው።

ኢትዮጵያ በዓለም ከሚለቀቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ ድርሻዋ ከ1 በመቶ በታች ነው። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የመንግሥት የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ራሱ እንደሚለው ደግሞ ከሀገሪቱ ልቀት ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግብርናና ከደን ምንጠራ የሚመጣ ነው። ታዲያ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ሠርታ የምትኖር የሰበታ እናት ከዚህ ውስጥ ስንቱን አቃጠለች? ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ቅጠል ተሸክማ የምትወርደዋ ሴት፣ ከዓለም ገና እስከ አየር ጤና በሚኒባስ ተጣቦ የሚሄደው ሠራተኛ፣ «ኑሮህን ቀንስ» ሲባሉ ከምኑ ላይ ይቀንሱ? በአጀብ የሚጓዘው የባለሥልጣን መኪና ሲቀንስ ግን አላየንም።

መስዋዕትነቱ አስቀድሞ ከኪሳችሁ ተወስዷል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ተነሣ፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ተወሰነ። ከሰል ተው እየተባለ የኤሌክትሪክ ምጣድ ማስጣጃውን ማስወደድ ምን የሚሉት የአካባቢ ጥበቃ ነው?

ፈረሳውም ራሱ ብክለት ነው። በዓለም ከሚለቀቀው ካርቦን ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ምርት የሚወጣ እንደሆነ ባለሙያዎች ይስማማሉ። የቆመ የብሎኬት ቤት አፍርሶ ባለቤቱን ከሥራው ርቆ ሌላ ቤት እንዲሠራ ማስገደድ ያንኑ ሲሚንቶ ሁለት ጊዜ ማቃጠል ነው፤ የታክሲውን ናፍጣ ሳንቆጥር።

በሕጉ እንነጋገር ከተባለ ሕገ መንግሥቱ ግልጽ ነው። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት ያደረገው በንኡስ አንቀጽ 1 ሲሆን፣ ወዲያው በንኡስ አንቀጽ 2 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ ማካካሻ፣ በቂ የመንግሥት እርዳታ ያለው ዝውውርን ጨምሮ፣ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አርቃቂዎቹ ሁለቱን በአንድ አንቀጽ ማስቀመጣቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲ ሲታቀድ ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዛል። መንግሥት ንኡስ አንቀጽ 1ን እየጠቀሰ ንኡስ አንቀጽ 2ን ይዘለዋል።

«የጨረቃ ቤት ነው፣ ካሳ አይገባውም» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። የጨረቃ ቤት ግን ከጨረቃ አልወረደም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለገበሬው የሚሰጠው የማፈናቀያ ካሳ በዓመታዊ የምርት ገቢው ታስቦ የአሥር ዓመት ብቻ ነበር። በካሳው ቅር የተሰኘ ሰው ይግባኝ ለማለት እንኳ አስቀድሞ መሬቱን ማስረከብ ነበረበት። ያው መሬት በሊዝ ሲሸጥ የሚያወጣውን ዋጋ ገበሬው በዓይኑ ያያል። ስለዚህ ሳይወሰድበት በፊት በካሬ ቆራርሶ ሸጠ። ገዢውም በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የተማረረ መምህር፣ ወታደር፣ የቀን ሠራተኛ ነበር። ቀበሌው መታወቂያ ሰጠው፣ መብራትና ውኃ አስገባለት፣ ለመንገድና ለትምህርት ቤት መዋጮ ሰበሰበ፣ በምርጫ ጊዜም መዘገበው። ከዓመታት በኋላ «አናውቅህም» አለው። በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. የማስተር ፕላኑን ተቃውሞ የቀሰቀሰውን የገበሬ ብሶትና የዛሬውን የቤት ባለቤት ብሶት እርስ በርስ ለማጋጨት የሚሠሩ አሉ። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው። የመሬት አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በቁጥር 1161 ተተክቶ የካሳው ስሌት ከፍ ቢልም፣ ሰነድ የሌለው ሰው ዛሬም ከሕግ ጥላ ውጪ ነው።

ፓርቲያችን ማንም አይነሣም ብሎ አይምልላችሁም። በወንዝ ገደል አፍ ላይና ውኃ በሚተኛበት ረግረግ የሚኖሩ ቤተሰቦች መነሣት ይኖርባቸዋል፤ ይህን ማለታችን ድምፅ እንደሚያሳጣን እያወቅን ነው። ነገር ግን የወንዝ ዳር ወሰኑ ተለክቶ በየቀበሌው ይለጠፍ፤ ምትክ ቤት ቁልፉ ሳይሰጥ አንድም ጣሪያ አይነሣ፤ ውሳኔው ከመፈጸሙ በፊት ፍርድ ቤት ይየው። ከአደጋ ክልል ውጪ ያለው ግን አዲስ አበባ በ1997ቱ የአየር ፎቶ ላይ የታዩ ይዞታዎችን እንዳስተናገደችው፣ እዚህም የጊዜ ወሰን ተቆርጦለት ካርታ ያግኝ። ለገበሬውም ከሊዝ ሽያጩ ድርሻ እንዲኖረው በሕግ እንደነግጋለን።

ቅደም ተከተሉም ይለወጣል። ዛሬ ዶዘር ደሃው ቤት ሲደርስ፣ ወደ ትንሹ አቃቂ ፍሳሹን የሚለቀው ፋብሪካ ደጃፍ አይደርስም። እኛ ከተመረጥን የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚሄደው ለፋብሪካው ነው፤ የፍሳሽ ማጣሪያ እስኪያቆም ድረስ። ዕጩዎቻችን በየአዳራሹ ሲመጡ የወንዝ ወሰኑን ካርታ ይዘው እንዲመጡ አዘናቸዋል። የገዥውን ፓርቲ ዕጩም የራሱን ካርታ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።