የጥብሱን ሂሳብ ማን ከፈለ?

አማርኛችን ስለ ሙስና የሚያወራው በምግብ ቋንቋ ነው። ሹሙ ጉቦ ይበላል፣ የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ይበላል፣ ኦዲተር ሲመጣ የተበላው ይቆጠራል። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው ብሂላችን ደግሞ ሥልጣንና ማዕድ ምን ያህል የቆየ ዝምድና እንዳላቸው ይነግረናል። በብዙ አገር ያሉ ሕግ አውጪዎች ግን ፖስታውን ሲያሳድዱ ማዕዱን ረስተውታል። ደቡብ ኮሪያ በዚህ ረገድ ለየት ያለ መንገድ መርጣለች፤ በቀጥታ ወደ ጥብስ ቤቱ ሄዳ ባለሥልጣን በሰው ገንዘብ የሚበላውን ምግብ ዋጋ በሕግ ወሰነች። ዛሬ ላነሳው የፈለግኩት ይህንኑ ሕግ፣ የሠራበትንና ያልሠራበትን ቦታ ነው።

የኮሪያ ጥብስ ቤት ገብቶ ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። በጠረጴዛው መሐል የከሰል ወይም የጋዝ ምድጃ አለ፤ ከላይ ጭስ የሚስብ ቱቦ ይወርዳል። ሥጋው ጥሬውን ይመጣል። ጎድን ከሆነ ጋልቢ፣ ድርብርብ ስብ ያለው የአሳማ ሆድ ሥጋ ከሆነ ሳምግዮፕሳል ይባላል። እፊትዎ እየተጠበሰ በመቀስ ይቆረጣል። ኪምቺን ጨምሮ በትናንሽ ሰሃን የሚደረደሩት ማባያዎች የተለየ ዋጋ የላቸውም፤ ሲያልቁም ይደገማሉ። ቁራሹ ሥጋ ከነጭ ሽንኩርትና ከአኩሪ አተር ድልህ ጋር በሰላጣ ቅጠል ተጠቅልሎ በአንድ ጉርሻ ወደ አፍ ይገባል። የሚዋደዱ ሰዎች ጠቅልለው ይጎራረሳሉ፤ በዚህ በኩል ኢትዮጵያዊ እንግድነት አይሰማውም።

ይህ ምግብ የብቸኛ ሰው ምግብ አይደለም። አብዛኞቹ ጥብስ ቤቶች ከሁለት ሰው በታች ትዕዛዝ አይቀበሉም። መሥሪያ ቤቶች ከሥራ በኋላ የሚያደርጉት “ህዌሺክ” የሚባለው የጋራ እራትም በአብዛኛው እዚሁ ነው የሚካሄደው። በዕድሜ ወይም በማዕረግ የሚያንሰው ሥጋውን ያገላብጣል፣ ሶጁ የተባለውን አረቄ በሁለት እጁ ይቀዳል፣ ከአለቃው ፊት ሲጠጣ ፊቱን ዞር ያደርጋል። ሂሳቡን የሚከፍለው ደግሞ ትልቁ ወይም ጋባዡ ነው። በቆየው ልማድ የየራስን መክፈል እንደ ንፍገት ይቆጠር ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሙያ ሥልጠና ሴኡል በሄድኩበት ወቅት በር ላይ ሰው ተሰልፎ ከሚጠብቅበት አንድ ጥብስ ቤት ገብቼ ነበር። በዚያ አገር ሂሳብ የሚከፈለው ሲወጡ በር አጠገብ ባለው ካሸር ነው፤ ለአስተናጋጅ ጉርሻ የሚባል ነገር የለም። ከእኛ ጎን ሲበሉ የነበሩ አራት ሰዎች ተነሥተው ካሸሩ ዘንድ ተሰለፉና እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ካርድ ሰጡ። አብሮኝ የነበረው ኮሪያዊ የሕግ ባለሙያ ሳቅ ብሎ፣ “ከመካከላቸው የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ጋዜጠኛ አለ ማለት ነው” አለኝ። ሕግ ልማድን ሲነካ በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሕጉ በይፋ ስሙ የማይገባ ልመናንና ሙስናን የሚከለክል ሕግ ነው። ሕዝቡ ግን “የኪም ዮንግ ራን ሕግ” ይለዋል። ኪም ዮንግ ራን እ.ኤ.አ. በ2004 የኮሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ የሆኑ፣ ቆየት ብሎም የፀረ ሙስናና የዜጎች መብት ኮሚሽንን የመሩ የሕግ ሰው ናቸው። ሐሳቡን ያቀረቡት በዚህ ኮሚሽን ሊቀመንበርነታቸው ሳሉ ነው።

ሕጉን የወለደው ችግር የሕግ ባለሙያ የሆነ ሁሉ የሚያውቀው ነው። በተለመደው የጉቦ ወንጀል ዐቃቤ ሕግ ሁለት ነገር ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ጥቅሙ መሰጠቱንና የተሰጠውም ለሥራ ውለታ መሆኑን። የመጀመሪያው ቀላል ነው። ሁለተኛው ግን በሰዎች ልብ ውስጥ ያለ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በኮሪያ አንዲት ዐቃቤ ሕግ ከአንድ ጠበቃ የመርሴዲስ መኪናና የሻኔል ቦርሳ ተቀብላለች ተብሎ አገር ተናወጠ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2015 በነፃ ተሰናበተች። ምክንያቱም ሁለቱ የፍቅር ግንኙነት ስለነበራቸው ስጦታው ለውለታ መሰጠቱ አልተረጋገጠም። ፍርዱ ከሕጉ አንፃር ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ተራው ዜጋ የተማረው ትምህርት ግልጽ ነበር፤ በፍቅርም ይሁን በወዳጅነት ስም እስከተሰጠ ድረስ ሕጉ አይደርስበትም።

በመካከሉ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 2014 ሴዎል የተባለችው መርከብ ሰጥማ 304 ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ምርመራው በተቆጣጣሪዎችና በመርከብ ኩባንያዎች መካከል ያለውን መሞዳሞድ ሲያጋልጥ፣ በፓርላማ ተኝቶ የነበረው ረቂቅ ተነሣ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2015 ጸደቀ፣ መስከረም 28 ቀን 2016 ሥራ ላይ ዋለ።

የሕጉ ልብ አንድ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ፣ መምህር ወይም ጋዜጠኛ ከአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከ1 ሚሊዮን ዎን በላይ ወይም በዓመት ከ3 ሚሊዮን ዎን በላይ ከተቀበለ፣ ለውለታ ይሁን አይሁን ሳይጠየቅ ወንጀል ነው፤ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 30 ሚሊዮን ዎን መቀጮ ያስቀጣል። ከዚያ በታች ከሆነና ከሥራው ጋር ከተያያዘ ደግሞ የጥቅሙን ከ2 እስከ 5 እጥፍ ይቀጣል። ለማኅበራዊ ኑሮ ሲባል የተፈቀደ ጠባብ በር አለ፤ መጀመሪያ ሲወጣ ለምግብ 30 ሺህ ዎን፣ ለስጦታ 50 ሺህ፣ ለሠርግና ለለቅሶ 100 ሺህ ነበር። 30 ሺህ ዎን በጊዜው 27 ዶላር ያህል ነው። ጉዳዩ በቀጥታ እጁ ላይ ካለ ባለሥልጣን ጋር ሲሆን ግን ይህም በር ይዘጋል።

የጠበቆችና የጋዜጠኞች ማኅበራት ሕጉን ተቃውመው ወደ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሄዱ። በተለይ የግል ጋዜጣ ሠራተኛ እንደ መንግሥት ሹም መቆጠሩ የፕሬስ ነፃነትን ያፍናል የሚለው ክርክር ቀላል አልነበረም። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2016 በ7 ለ 2 ድምፅ ጋዜጠኞችና የግል ትምህርት ቤት መምህራን በሕጉ ሥር እንዲቆዩ ወሰነ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ብዕሩን የሚያውሰው ሰው በማን ማዕድ እንደሚቀመጥ የማወቅ መብት የአንባቢው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ያስቃልም ያስተምርምም። ምግብ ቤቶች ባለ 29,900 ዎን “የኪም ዮንግ ራን ሜኑ” አወጡ። ሃኑ የተባለውን ውድ የአገር በቀል ከብት የሚያረቡ ገበሬዎች፣ የበዓል የሥጋ ስጦታ ገበያችን ሊዘጋ ነው ብለው ሰልፍ ወጡ። በሕጉ መሠረት የመጀመሪያው ቅጣት የተወሰነው ደግሞ በቹንቾን ከተማ ነው። አንዲት ሴት የክስ ጉዳይዋን ለያዘ ፖሊስ 45 ሺህ ዎን የሚያወጣ የሩዝ ኬክ ልካ፣ ፍርድ ቤቱ እጥፉን 90 ሺህ ዎን ቀጣት። ቹንቾን ለእኛ እንግዳ ከተማ አይደለችም። የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች መታሰቢያ የሚገኝባት፣ ከአዲስ አበባም ጋር የእህትማማችነት ውል ያላት ከተማ ናት።

እዚህ ላይ አንባቢ “ትንሹን ዓሣ ብቻ ነው ያጠመደው?” ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሕጉ ድካም የታየው ከላይ ባለው ጠረጴዛ ነው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2017 የሴኡል ማዕከላዊ አውራጃ ዐቃቤ ሕግ ኃላፊ የነበሩት ሊ ዮንግ ርዮል ከፍትሕ ሚኒስቴር ሰዎች ጋር እራት በልተው ለሁለት የሚኒስቴሩ ሹማምንት ለእያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ዎን በፖስታ ሰጡ። ተከሰሱ፣ በነፃም ተሰናበቱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2018 አጸናው። ምክንያቱን ልብ ይበሉ። ሕጉ አለቃ የበታቾቹን ለማበረታታት የሚያቀርበውን ነገር አይከለክልም። ስለዚህ የእራቱ ዋጋ ከስሌቱ ወጣ። የቀረው ልክ 1 ሚሊዮን ነው፤ ወንጀል የሚሆነው ደግሞ “ከ1 ሚሊዮን በላይ” ሲሆን ነው። በወንጀል ሕግ የቃል ጥበት ለተከሳሹ ጥቅም መተርጎሙ የታወቀ ነው፣ በዳኞቹ አልፈርድም። በሩን የከፈተው ራሱ ሕጉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። አንድ በማጭበርበር የተከሰሰ የፋይናንስ ሰው ለሦስት ዐቃቤ ሕጎች ውድ መጠጥ ቤት ውስጥ ጋብዞ ነበር። የተከሰሰው ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱ ቀደም ብለው ስለወጡ ድርሻቸው ሲሰላ 1 ሚሊዮን አልሞላም ተባለ። ሕዝቡም “የ990 ሺህ ዎን ያለመከሰስ ሜኑ” ብሎ ቀለደበት። ለፖሊስ የሩዝ ኬክ የላከችው ሴት እጥፍ ስትከፍል፣ ሕግ አዋቂው ሰዓቱን አይቶ ሲወጣ ሂሳቡ ዝቅ አለለት።

የዋጋ ንረትም የራሱን ጥያቄ አምጥቷል። 30 ሺህ ዎን የሚለው ወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣ የመንግሥት ሠራተኞች የሥነ ምግባር ደንብ የተወሰደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 በሴኡል 200 ግራም ሳምግዮፕሳል ብቻውን 20 ሺህ ዎን ሲያልፍ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ የምግቡ ወሰን ወደ 50 ሺህ ከፍ አለ። ምግብ ቤቶች ተደሰቱ፤ ተቺዎች ሕጉ እየሟሟ ነው አሉ። በእኔ እምነት ቁጥሩን ከገበያው ጋር ማስተካከል ሕጉን አያፈርሰውም። ማንም የማያከብረው ወሰን ከሌለ ወሰን አይሻልም። ሕጉን የሚያፈርሰው አለቃ ሲጋብዝ መጠየቅ መቅረቱ ነው።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ እኛ ምን እንማራለን? የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 አለን፤ የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 አለን። የአዋጅ ድሃ አይደለንም። ነገር ግን ነጋዴው ፈቃድ ሰጪውን፣ ተከራካሪው የጉዳዩን ባለቤት፣ ድርጅቱ ጋዜጠኛውን ጥሬ ሥጋ ቤት ይዞት ሲሄድ ነገሩን ከጨዋነት ሌላ ስም የሚሰጠው ማን ነው? እንዲያውም ሂሳብ ለመክፈል የሚደረገው መጋፋት የፍቅር ምልክት ሆኖ ይታያል። ያ ፍቅር በማግስቱ በፋይል መልክ ቢሮ እንደሚገባ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

የኮሪያን ቁጥር እንቅዳ አልልም። የሚቀዳው ጥያቄው ነው። “ምን ተባባሉ?” የሚለው ጥያቄ ምስክር የለውም፤ “ማን ከፈለ?” የሚለው ግን ደረሰኝ አለው። ይህን ጥያቄ መጠየቅ የሚፈልግ ሕግ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛ፣ ተራ ሠራተኛ በቃሉ የሚያውቀው ግልጽ የብር ወሰንና ከዋጋ ጋር የሚሻሻልበት ቋሚ ጊዜ። ሁለተኛ፣ ጉዳዩ በእጁ ላለ ሹም ቡናም ቢሆን መከልከል። ሦስተኛ፣ ኮሪያ የሳተችው ነው፤ የበላይ አለቃ ለበታቹ በሚሰጠው ፖስታ ላይ የማይሠራ ሕግ እንዳይሆን ማድረግ። በእኛ አገር አለቃ የሚያበላው ከየት አምጥቶ እንደሆነ መጠየቅ ነውር ተደርጎ ስለሚታይ፣ ይህ ሦስተኛው ከሁለቱ ይልቅ ይከብዳል።

ሕጉ እስኪመጣ መጠበቅ ግን ግዴታ አይደለም። ጠበቃ፣ መሐንዲስ፣ ኦዲተር ወይም ጋዜጠኛ የሆነ አንባቢ ጉዳይ ካለው ሰው ጋር ጥብስ ከበላ የራሱን ድርሻ ከፍሎ መውጣት ይችላል። ጋባዡ ቅር ይለው ይሆናል። ቅር ካለው ደግሞ ለምን እንደጋበዘ ማሰብ ይገባል።

ቸር እንሰንብት።