«ሲሾም ያልበላ»ን ለተማሪዬ አትጻፉለት

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ተሾመ። የት እንደሆነ አልናገርም፣ እሱም ይህን ያነበዋል። ፎቶው ስር «እንኳን ደስ አለህ» ከሚለው መሃል ሦስት አራት ሰው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ ሳቅ ጨምሮበታል። ቀልድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሌላው ደግሞ «እግዚአብሔር የሾመውን ማን ይነካዋል» ብሎ ሲያክልበት ዝም ማለት አልቻልኩም። አንዱ ብላ ይለዋል፣ ሌላው የሚጠይቅህ የለም ይለዋል። ልጁ ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ሁለቱንም አስታጠቃችሁት እኮ!

እስቲ ከሁለተኛው ልጀምር። እግዚአብሔር ሾመኝ የሚል ሰው ከማንም በላይ የሚጠየቅ ነው። ዳዊት የተቀባ ንጉሥ ነበር፤ ናታን ግን ገብቶ በኦርዮ ደም ፊት ለፊት ወቀሰው። ዳዊትም ቅባቱን ጋሻ አላደረገም፣ ጥፋቱን አመነ። ዛሬ እኛ ጋ ናታን ቢመጣ ጥበቃው «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብሎ ከበር ይመልሰዋል።

ወደ «መብላቱ» ስመጣ፣ ሳሙኤል ሸምግሎ ሕዝቡን ለንጉሥ ሲያስረክብ በአደባባይ ቆሞ የማንን በሬ እንደወሰደ፣ ከማን እጅ ጉቦ እንደተቀበለ ጠየቃቸው። አንድ ሰው እንኳ አልከሰሰውም። ልጆቹ ጉቦ በልተው ነበር፣ መጽሐፉም አይደብቀውም። እሱ ግን በባዶ እጁ ወረደ። ምን ቆጨው? (ሙስሊም ጓደኞቼ፣ የኸሊፋ ዑመርን ነገር ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁና ኮሜንት ላይ ጻፉልን።)

«ደመወዙ አይበቃም» ትሉኝ ይሆናል። ለመምህር ነው እንዴ ይህን የምትነግሩት?

ሮቢ ወንዝ ዳር ያደገ ሰው የውሃ አባት ምን እንደሆነ አይጠፋውም። በበጋ ውሃው ሲቀንስ የውሃ አባቱ ተራ አፍርሶ ቦዩን ወደ ራሱ ማሳ ቢከፍተው፣ የታችኛው ገበሬ ሽንኩርቱ ሲደርቅ እያየ «እግዚአብሔር ሾሞታል» ብሎ ይተኛል? አካፋውን ይዞ ነው የሚመጣው። ታዲያ ለቦይ ያልፈቀድነውን ለቢሮ ለምን ፈቀድን?

በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ አባቶች ዝቅ ብለው በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ሲያጥቡ እናያለን። ፎቶም እናነሳለን። በዓሉ አልፎ ቢሮ ሲከፈት ባለጉዳይ በዚህ በቆላችን ፀሐይ ተሰልፎ «ነገ ና» ይባላል። የሚለው ደግሞ አንዳንዴ ያው እግሩን ሲታጠብ የነበረው ሰው ነው።

ትሕትና ለደካማ ነው የምትሉ አቡነ ጴጥሮስን አስታውሱ። በ1921 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። ፋሺስት አርበኞችን አውግዙ ሲላቸው እሺ ብለው ሕይወታቸውንም ማዕረጋቸውንም ማትረፍ ይችሉ ነበር። እሺ አላሉም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። በተሾሙ በሰባት ዓመታቸው መሆኑ ነው። እንግዲህ ያንን ተረት ለእሳቸው ንገሯቸው!

አንተ ልጄ፣ እነዚህን ኮሜንቶች እንዳላየ እለፋቸው። በርህ ላይ እናትህን የምታህል ሴት ቆማ ካየህ ተነሥና ወንበርህን ስጣት። እኔም አንድ ቀን ለጉዳይ መምጣቴ አይቀርም። መምህሬ ነው ብለህ ከሰልፉ እንዳታስቀድመኝ።