ቁጠባ በሠራተኛው እጅ ነው

ትርፍ የሚገኘው በሽያጭ ብቻ ሳይሆን ብክነትን በመከላከልም ጭምር መሆኑ ለነጋዴ ሁሉ የታወቀ ነው። ይህም በሆቴል ሥራ ዘንድ ይልቁን ጐልቶ ይታያል። በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ የሚያፈስ ቧንቧ በአንድ ቀንና ሌሊት 86,400 ጠብታ፣ ይኸውም በግምት 20 ሊትር ውሃ ያባክናል። አዲስ አበባ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጕድጓዶች የምታገኘው ውሃ ስለማይበቃት በብዙ ሰፈር የሚዳረሰው በፈረቃ ነው። እንግዲህ በሆቴል በከንቱ የሚፈሰው ውሃ ከጎረቤት እንስራ የተቀነሰ ነው።

ነገሩ በውሃ ብቻ አይወሰንም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸው አይዘነጋም። ትርፍራፊ ምግብን ከጠርሙስና ከፕላስቲክ ለይቶ ክምሩን ሊቀንስ የሚችለው ደግሞ በወጥ ቤት የቆመው ሠራተኛ ነው።

ይህን የተረዱ ባለሆቴሎች 60 ዋት የሚፈጀውን አምፑል ያንኑ ያህል ብርሃን በሚሰጥ የ9 ዋት ኤል ኢ ዲ ለውጠዋል፤ ፎጣ በየቀኑ እንዳይታጠብ የሚጠይቅ ማስታወቂያም ሰቅለዋል። ዳሩ ግን እንግዳው ፎጣውን በማንጠልጠያው ላይ ቢመልሰውም፣ ክፍል የምታጸዳው ሠራተኛ አንሥታ ወደ ልብስ ማጠቢያ ስትልከው ይታያል። ይህም ከቸልተኝነት የመጣ አይደለም። ፎጣ ሳትለውጥ ብትወጣ ተቈጣጣሪው «ሥራሽን አልፈጸምሽም» ብሎ እንዳይወቅሳት ትሠጋለችና ነው። የሚያንጠባጥበውንም ቧንቧ ከማንም አስቀድማ የምታየው እርስዋ ናት፤ ነገር ግን የሚሰማት ስታጣ መናገሩን ትተወዋለች።

እንግዲያስ ጉድለቱ ከትእዛዝ ማነስ ሳይሆን ሠራተኛውን የጉዳዩ ተካፋይ ካለማድረግ የመጣ ነው። የወሩ የውሃና የመብራት ሒሳብ ለሠራተኞች በግልጽ ይነገራቸው፤ ብልሽት ያመለከተ ይመስገን፤ ያልተለወጠ ፎጣም እንደ ጥፋት አይቈጠር። ከተገኘው ቁጠባም ከፊሉ ለእነርሱ ይከፈል።

«ደመወዝ እየተቀበለ ለምን ይጨመርለታል?» የሚል ባለቤት አይታጣም። ደመወዝ የሰውን ጉልበት ይገዛል፤ ዓይኑንና ልቡን ግን አይገዛም። ባለቤቱ ከቁጠባው የሚያካፍለው ገንዘብ ደግሞ ቀድሞ ከቧንቧው ጋር ሲፈስ የነበረው እንጂ ከኪሱ የወጣ አይደለም።

ይህ ምክር መጋዘን ላለው አስመጪና ላኪ፣ እንዲሁም ለባለሱቁ ሁሉ የሚስማማ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነውና።