ፒካፗ ዝቅ ካለች በኋላ መንቀጥቀጡ ከየት መጣ?

ምግብ ቤቴ ስትመጡ ግማሻችሁ የምታወሩኝ ስለ ወጡ ሳይሆን ስለ መኪና ነው። በተለይ እዚህ ፍራንክፈርት ያደጉት ልጆቻችን አሮጌ ፒካፕ ገዝተው፣ አድሰው፣ ዝቅ ማድረግ ይወዳሉ። እኛ ሃይሉክስን የምናውቀው ለጭቃና ለድንጋይ ከፍ ብሎ ነው። እነሱ ደግሞ አስፋልት ሊያስልሱት ይፈልጋሉ። ይሁን! ደግሞ ሃይሉክስ ለጀርመን እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ፎልክስቫገን ራሱ ሃኖቨር ላይ «ታሮ» ብሎ ሲሠራው ነበር።

ችግሩ የሚመጣው ዝቅ ካለች በኋላ አውቶባን ስትወጡ ነው። ወለሉና ወንበሩ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ጎማ ባላንስ አሠሩ። መሪው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ነገሩ ብዙ ጊዜ የፊት ጎማ ነው። ጋዝ ስትሰጡና ስትለቁ መንቀጥቀጡ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል ኃይል የሚወስደውን ዘንግ ጠርጥሩ።

ይህን ዘንግ ጀርመኖች «ካርዳንቬለ» ይሉታል፤ ስሙ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ጂሮላሞ ካርዳኖ የመጣ ነው። በሁለቱ ጫፍ ያለውን መገጣጠሚያ የእኛ መካኒኮች «ክሮቼራ» የሚሉት ደግሞ ከጣሊያንኛ ወስደው ነው፤ መስቀል ስለሚመስል። ክሮቼራ ታጥፎ ሲዞር ፍጥነቱ እኩል አይደለም፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። የኋላው ክሮቼራ በእኩል ማዕዘን ከታጠፈ የፊተኛውን ስህተት ያጠፋዋል። ማዕዘኖቹ ከተለያዩ ግን ትርፉ መንቀጥቀጥ ነው። ዝቅ ስታደርጓት አክሱ ወደ ሻንሲው ይጠጋል፤ የባሌስትራው ማንጠልጠያ ከተቀየረ ደግሞ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ይዞራል። እኩልነቱ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

መለኪያው ኪሳችሁ ውስጥ አለ፤ የስልክ ማዕዘን መለኪያ ይበቃል። ቁጥሩን ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ፣ እናንተ ጻፉ። መኪናዋ በጎማዋ ቆማ፣ ክብደቷ አክሱ ላይ እንዳለ የካምቢዮውን፣ የዘንጉንና የዲፈረንሻሉን ማዕዘን ለኩ። ክሪክ ብቻ ተማምናችሁ ሥር እንዳትገቡ፣ አደራ! ጠንካራ መወጣጫ ተጠቀሙ።

የእያንዳንዱ ክሮቼራ እጥፋት ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ቢሆን፣ የሁለቱም ልዩነት ከ1 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ዜሮም አይፈለግም፤ ውስጡ ያሉት ትናንሽ ኩሽኔታዎች ካልተንቀሳቀሱ አንድ ቦታ ላይ ይበላሉ። ማስተካከያው በባሌስትራውና በአክሱ መካከል የሚገባ የብረት ሽብልቅ ነው። ጋዝ ሲሰጥ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ቀና ስለሚል፣ ቆሞ ሳለ 1 ወይም 2 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ቢቀር ይመረጣል። ዘንጉ ሁለት ቁራጭ ከሆነ የመሐሉን ኩሽኔታ ከፍታም እዩ። ዘንጉ ካምቢዮው ውስጥ ገብቶ መጨረሻውን እንዳይነካም አረጋግጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ፒካፖች ላይ ከኋላ አክስ ጋር የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። ጭነቱን የሚያውቀው በከፍታው ነው። መኪናዋን ዝቅ ስታደርጓት «ተጭናለች» ብሎ ይታለልና ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይልካል። ዝናብ ላይ ድንገት ፍሬን ሲያዝ የኋላ ጎማ ተቆልፎ መኪናዋ ልትሽከረከር ትችላለች። ስለዚህ ቫልቩን አስተካክሉ፤ የፊት መብራቱንም እንዲሁ።

ከዚያ ወደ ቲዩፍ ወይም ዴክራ ሂዱ። ዝቅ ማድረጉ ተመርምሮ በመኪናዋ ወረቀት ላይ መግባት አለበት፤ ካልሆነ የመንዳት ፈቃዷ ሊወድቅ፣ አደጋ ሲደርስ ከኢንሹራንስ ጋር ጭቅጭቅ ሊመጣ ይችላል። 30 ዓመት ሞልቷት የ«ሃ» ታርጋ ካማራችሁ፣ ለውጡ ከዘመኗ ጋር የሚሄድ መሆኑን ገምጋሚውን ሳትቆርጡ ሳትበጥሱ በፊት ጠይቁት።

ወላጆች፣ ልጃችሁ «መኪናዬን ዝቅ ላድርግ» ሲል ቶሎ «አይሆንም» አትበሉት። አብራችሁት ሥሯ ግቡ። እሱ የጀርመንኛውን ስም ይንገራችሁ፣ እናንተ ክሮቼራና ባሌስትራ አስተምሩት። በአንድ ቅዳሜ ሁለታችሁም ታተርፋላችሁ።

በሰላም ያገናኘን!