ደብተሩን ማን ይረከባል?

የቴክኒክና ሙያ ሰልጣኝ ለተግባር ልምምድ ወደ ድርጅት ሲላክ ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል። ደብዳቤው ስሙን፣ የሚሰለጥንበትን ሙያና የሚቆይበትን ጊዜ ይዘረዝርና «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት በአክብሮት እንጠይቃለን» ብሎ በማህተም ይዘጋል። እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን በተለያየ አጋጣሚ አንብቤያለሁ። ጓንትና መነጽር የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ ልጁ ቢጎዳ ሐኪም ቤት የሚያደርሰውና ወጪውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ የሚናገር ግን አንድም አላጋጠመኝም።

ከምባታ ውስጥ በምትገኘው ሀደሮ፣ መንገድ ዳር ካለ አንድ ብየዳ ቤት ደጃፍ ቆሜ የአንዱን ሰልጣኝ አሰራር ስከታተል ነበር። ለመስኮት ፍሬም ቱቦላሬ ይቆርጣል። የያዘው ትንሹን ግራይንደር ነው፤ የገጠመለት ዲስክ ግን የትልቁ ነው። ዲስኩ እንዲገባ ሲባል የብረት መከላከያው ተፈቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ አይኑ ላይ ያለው ከገበያ የተገዛ የጸሐይ መነጽር ነው። መከላከያው ለምን እንደወለቀ ጠየቅኩት። «ትልቁ ዲስክ በሱ አይገባም ጋሼ፤ ትንሹ ደግሞ ቶሎ ያልቃል» አለኝ። ዲስኩ ላይ የታተመውን ቁጥር አይቶት ያውቅ እንደሆነ ስጠይቀው ግን አጥፍቶ አገላበጠው። ከዚያ በፊት ልብ ብሎት አያውቅም።

ቁጥሩ ቀላል አይደለም። 230 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የተለመደ መቁረጫ ዲስክ የሚፈቀድለት በደቂቃ ከ6600 ዙር ብዙም አያልፍም። ትንሹ ግራይንደር ባዶውን ሲሽከረከር በደቂቃ 11000 ዙር ገደማ ይደርሳል። ትልቁን ዲስክ በትንሹ ሞተር ላይ የገጠመ ሰው ዲስኩን ከአቅሙ በላይ በጣም እያሮጠው ነው። ዲስኩ ስንጥቅ ካለበት ወይም ብረት ውስጥ ከተቀረቀረ ይፈነዳል፤ ስብርባሪውን ከፊትና ከአንገት የሚመልሰው ደግሞ ያ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው መከላከያ ነበር። የብየዳው ብርሃንም አደገኛ ነው። ጉዳቱ ወዲያው አይሰማም። ልጁ ቀን በጸሐይ መነጽር ሲበይድ ይውላል፤ ሌሊት አይኑ አሸዋ እንደተነሰነሰበት ይቆረቁረዋል፤ ጠዋት ላይ ሲሻለው ተመልሶ ወደ ስራው ይሄዳል።

የብየዳ ቤቱን ባለቤት አልወቅሰውም። እሱም የተማረው እንዲሁ ነው፤ መከላከያ ያለው ግራይንደር ሲሰራበት አይቶ ያደገ አይደለም። የእኔ ጥያቄ ልጁን በላከው ትምህርት ቤትና በእኛ በሌሎቻችን ላይ ነው።

ህግ የለም እንዳንል ህጉ አለ። ህገ መንግስቱ በአንቀጽ 42 ሰራተኞች ጤናማና ከአደጋ የተጠበቀ የስራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የስራ ደህንነትና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም የስራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላለች። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 92 አሰሪው ሰራተኛውን እንዲያስተምር፣ የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ አደጋ ሲደርስ መዝግቦ ለስራ ሁኔታ ቁጥጥር አካል እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ይህ ሁሉ ግን ለሰራተኛ ነው። ያው አዋጅ አንቀጽ 3 ላይ ከለማጅነት በቀር ለትምህርትና ለስልጠና ሲባል የሚደረጉ ግንኙነቶችን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ያወጣቸዋል። የለማጅነት ውል ሳይፈርም በደብዳቤ ብቻ የሄደ ተማሪ ሰራተኛው የሚሰራውን ሁሉ እየሰራ፣ ሰራተኛው ከሚደርስበት አደጋ ጋር እየተጋፈጠ፣ የሰራተኛው ከለላ ላያገኘው ይችላል። ተቆጣጣሪ መጥቶ ያድነዋል ብሎ መጠበቅም አይቻልም። በየመንደሩ ያለ ጋራዥና ብየዳ ቤት ሁሉ የቁጥጥር ባለሙያ ይጎበኘዋል ብሎ የሚያምን ያለ አይመስለኝም።

እኔ ተስፋ የማደርገው ተማሪዎቹን ራሳቸውን ነው።

በሌላው ዓለም የስራ ደህንነት ባለሙያዎች ማህበር በብዙ ኮሌጆች የተማሪዎች ቅርንጫፍ አለው። ተማሪዎቹ አመራር ይመርጣሉ፤ አንድ መምህር ያማክራቸዋል፤ ከባለሙያዎች ጋር ፋብሪካና ግንባታ ቦታ ይጎበኛሉ። ነገሩ የተጀመረበት ታሪክ ግን ከግብዣና ከሰርተፊኬት የራቀ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1911 ኒው ዮርክ ውስጥ ትሪያንግል የተባለ የሸሚዝ ፋብሪካ ተቃጠለና 146 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ከጣሊያንና ከምስራቅ አውሮፓ የተሰደዱ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ሰራተኞች ጨርቅ ይሰርቃሉ በሚል ስጋት አንደኛው መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ እዚያው ከተማ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪዎች ተሰባስበው ማህበር መሰረቱ፤ የዛሬው የአሜሪካ የስራ ደህንነት ባለሙያዎች ማህበር ከዚያ የመጣ ነው። አሁን ናይጄሪያን ጨምሮ ከአሜሪካ ውጭም ቅርንጫፎች አሉት።

ያንን የተቆለፈ በር ሳስብ የራሳችን ወርክሾፖች ይታዩኛል። እቃ እንዳይሰረቅ ተብሎ የኋላ በራቸው በቁልፍ የተከረቸመ፣ መስኮታቸው በብረት የታጠረ፣ እሳት ማጥፊያቸው ከላሜራ ክምር ጀርባ የተደበቀ ብዙ አይቻለሁ። እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ የተማሪዎች ቅርንጫፍ ሲቋቋም የመጀመሪያ ስራው መሆን ያለበትም ይህ ይመስለኛል፤ የኋላውን በር ቁልፍ ማን እንደያዘው መጠየቅ።

ለከምባታና ለሀዲያ አካባቢ ከውጭ የሚመጣ ሞዴል መጠበቅ አያስፈልግም። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የህብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ጤና መኮንኖች፣ የማህበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች አንድ ላይ እየሰለጠኑ በቡድን ወደ ህዝቡ ይወርዱ ነበር። ዛሬም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአካባቢና የሙያ ጤናና ደህንነት ትምህርት ክፍል አለው። እዚህ ደግሞ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆሳዕናና ዱራሜ ላይ ተቀምጧል። ማሽን የሚያጠና የምህንድስና ተማሪ አለው፤ ማሽኑ የቆረጠውን እጅ የሚያክም የህክምና ተማሪም በንግስት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለው። እነዚህ ሁለቱ ስለ አንድ እጅ አንድ ላይ ተቀምጠው ቢነጋገሩ ምን ያህል ነገር ይወጣ ነበር! ጉዳተኛው ከየት መጣ? ምን ሲሰራ? መከላከያው ተገጥሞ ነበር? ሐኪሙ ቁስሉን ሰፍቶ ሲያሰናብት ከዚህ መልስ ውስጥ ትንሹ ብቻ ካርድ ላይ ይቀራል። የቴክኒክና ሙያ ሰልጣኞች ከተጨመሩበት ደግሞ ወሬው በቀጥታ ወደ ብየዳ ቤቱ ይገባል።

ስለ ቅርንጫፉ አጀማመር አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ክበባት በምረቃ ስነ ስርዓት ሲከፈቱ ብዙ አይቻለሁ፤ ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታተማል፣ ኃላፊ መጥቶ ይናገራል፣ ፎቶ ይነሳል። ሊቀመንበሩ ብዙ ጊዜ ተመራቂ ነው፤ የነቃና የታወቀ ልጅ ስለሆነ ይመረጣል። ሰኔ ሲደርስ ይመረቅና ይሄዳል፤ ማህተሙ በአንዱ መሳቢያ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ዓመት የገቡት ተማሪዎች እንዲህ ያለ ክበብ እንደነበረም አይሰሙም። ስለዚህ ሊቀመንበሩ ቢያንስ አንድ ዓመት የሚቀረው ተማሪ ይሁን፤ ምክትሉ ከእሱ በታች ካለው ባች ይመረጥ፤ ርክክቡ ከፈተና በፊት፣ ሚያዝያ ላይ ይለቅ። አማካሪውም መምህር ብቻ አይሁን። የወርክሾፑ ቴክኒሺያንና የእቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ አብረው ይግቡ፤ ጓንቱና ሄልሜቱ የት እንደተቆለፈ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። እንግዳ ሲመጣ ወጥቶ ማምሻውን ወደ ስቶር የሚመለስ ሄልሜት ያለበትን ቤት አውቃለሁ። ይህን ሊለውጥ የሚችለው ቁልፉን የያዘው ሰው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ተማሪዎቹ አንድ ደብተር ያስፈልጋቸዋል። የደረሰ አደጋ ብቻ ሳይሆን «ለጥቂት ተረፍኩ» የተባለው ሁሉ የሚጻፍበት ደብተር። ዲስክ ፈንድቶ ግድግዳ እንደመታ፣ የባህር ዛፍ ርብራብ ሚስማሩ ለቆ ባሬላ ተሸካሚዋ ዘላ እንዳመለጠች፣ የተላጠ ገመድ እጅ እንደነዘረ ይጻፍበት። ቀኑ፣ ቦታው፣ የተሰራው ስራ፣ የጎደለው ነገር ይበቃል። የሰው ስም አይጻፍ። ስም ከተጻፈ ልጁ ይቀጣል፣ ባለቤቱ ይቆጣል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አይናገርም። ማህበሩ በየአስራ አምስት ቀኑ ሲሰበሰብ ንግግር ከማድረግ ይልቅ ይህን ደብተር ያንብብ፤ ከተነበበው ውስጥ አንዱን መርጦ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ያስተካክል። መከላከያውን መልሶ መግጠም ገንዘብ አይጠይቅም። የእሳት ማጥፊያው መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑን ማየትም አይጠይቅም። ዓመቱ ሲያልቅ በዚያ ደብተር የተሞላው መረጃ ለኮሌጁ ዲን፣ ለወረዳው የስራ ኃላፊዎች፣ ቅርንጫፉ ለሚታቀፍበት የባለሙያዎች ማህበርም የሚቀርብ ዋጋ ያለው ማስረጃ ይሆናል። የመላኪያ ደብዳቤውን ይዘት ለማስለወጥም የሚጠቅመው እሱ ነው፤ «እንዲህ ያለ አደጋ ደርሷል» ብሎ የሚናገር ተማሪ ገጹን ገልጦ ያሳያል።

በዚህ አገር ለዘመናት የኖረ ልማድ በውይይት ሊለወጥ እንደሚችል ከከምባታ በላይ የሚያውቅ የለም። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 የመሰረቱት ከምባቲ መንቲ ጌዝማ ቶጴ የሴት ልጅ ግርዛትን የተጋፈጠው ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ተቀምጦ እንዲወያይ በማድረግ ነበር። አይነካም የተባለው ነገር በዚያ መንገድ ከተነካ የግራይንደር መከላከያ አይከብደንም።

የሚያሳስበኝ ሌላው ቦታ እርሻው ነው። ሀደሮና ጠምባሮ በዝንጅብል የታወቁ ናቸው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ዝንጅብሉን ሲመታው ብዙ ቤተሰብ የገንዘብ ምንጩን አጣ፤ ወጣቱም ወደ ግንባታና ወደ ሌላ የጉልበት ስራ አዘነበለ። ማሳው ላይ የቀረው ደግሞ ፀረ አረም በጀርባው ተሸክሞ በባዶ እጁ ይረጫል፤ ኬሚካሉ ያለቀበት ጀሪካን ታጥቦ ዘይት ወይም ውሃ ይያዝበታል። የግብርናና የጤና ተማሪዎች ያሉበት ማህበር ጀሪካኑ ተበስቶ መወገድ እንዳለበት ለእናቶች ቢያስተምር ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

መስቀል ሲደርስ አዲስ አበባና ሌላ ከተማ የሚሰራው የሀዲያና የከምባታ ወጣት ወደ ቤቱ ይጎርፋል። ተማሪውም ብዙ ጊዜ እረፍት ላይ ነው። በዚያ ሳምንት ግንበኛው፣ ጉድጓድ ቆፋሪው፣ ቀን ሰራተኛው ሁሉ አንድ ቀበሌ ውስጥ ይገኛል፤ ሌላ ጊዜ እነዚህን ሰዎች አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም። ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለ ሁለት ነገር ቢነገራቸው እወዳለሁ። አንደኛው ከፍታ ላይ ሲሰሩ ስለመታጠቅ ነው። ሁለተኛው ስለ ጉድጓድ ነው። አዲስ አበባ ላይ የእሳትና አደጋ ስጋት ስራ አመራር ኮሚሽን ደጋግሞ እንደሚናገረው፣ ጉድጓድ ውስጥ አየር አጥሮት የወደቀን ሰው ለማውጣት ተከትሎ የወረደው ጓደኛውም እዚያው ይቀራል። ከመውረድ በፊት ገመድ መታጠቅ፣ ላይ ገመዱን የሚይዝ ሰው ማቆም፣ የወደቀ ካለ ሳይወርዱ መጎተት፤ ይህን በከምባትኛ፣ በሀዲይኛና በጠምባርኛ የሚያስረዱ ልጆች በየኮሌጁ ሞልተዋል። መድረኩን የሚሰጡት የእድር ዳኞችና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ናቸው። ተማሪዎቹ እነሱን ከነሐሴ ጀምረው ቢያነጋግሩ ጥሩ ነው፤ የመስቀል ሽርጉድ ከተጀመረ በኋላ ሽማግሌዎቹን ማግኘት ይቸግራል።