የውሃ መርጫውን አስቀምጡት
«ድመት አትሠለጥንም፤ ስትጮህ ውሃ ርጩባት» የሚለው ምክር ስለ ቤት እንስሳት በሚታተሙ ጽሑፎች ሲደጋገም ኖሯል። ምክሩ ስህተት ነው፤ ጭካኔም አለበት።

አትሠለጥንም የሚለው ከመቶ ዓመት በፊት ወድቋል። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የተራቡ ድመቶችን ሣጥን ውስጥ እየዘጋ፣ ገመድ ስበው ወይም መቀርቀሪያ ከፍተው ሲወጡ ምግብ ይሰጣቸው ነበር። ሙከራው በተደጋገመ ቁጥር የመውጫ ጊዜያቸው አጠረ። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናትም 100 የመጠለያ ድመቶችን በጠቅታ ድምፅና በምግብ ሽልማት አሠልጥኗል፤ ብዙዎቹ አዲስ ነገር ተምረዋል።

ጩኸቱስ? አዋቂ ድመቶች እርስ በርሳቸው «ሚያው» የሚባባሉት ከስንት አንዴ ነው። ድምፁ በአብዛኛው ለሰው የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ጎሕ ሲቀድ ጮኻ ቁርስ ያገኘች ድመት ነገም ትጮኻለች፤ ያሠለጠናት ከአልጋው የተነሣው ሰው ነው። ውሃው ደግሞ የሚያስተምራት ረጪውን መፍራት ብቻ ነው። እሱ ዞር ሲል የተከለከለችውን ታደርጋለች።

የሚሠራው መንገድ ትዕግሥት ይፈልጋል፦ ለጩኸቱ ምንም አለመስጠት፣ ዝም ስትል ወዲያው መሸለም፣ ማታ በደንብ አጫውቶ ማብላት። መጀመሪያ ላይ ጩኸቱ ይብሳል። ብዙዎች እጅ የሚሰጡት እዚህ ላይ ነው፤ ያኔ ድመቷ የምትማረው አብዝቶ መጮህ እንደሚያዋጣ ነው።

በዕድሜ የገፋች ድመት በድንገት ሌሊት መጮህ ከጀመረች ግን ቅድሚያ የእንስሳት ሐኪም ይያት። የታይሮይድ ዕጢ ሕመምና የደም ግፊት እንዲህ ያስጮኻሉ፤ መርጫውን ያነሣው ሰው በሽተኛ እየቀጣ ሊሆን ይችላል።